«ተናገረው ይውጣልህ» ወይስ «ቻለው»?

«ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 44 ነው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ሌሊት ነው። እሱንም ግራውንድ ላይ ያለው ጎረቤት ፓምፕ መስመሩ ላይ ገጥሞ ይስበዋል፤ እኛ ጋ ጠብ አይልም። 20 ሊትር ጄሪካን ተሸክሜ አራት ፎቅ እወጣለሁ። ሰውየውን ሳየው ደሜ ይፈላል፣ ግን አንድ ቀንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ ግን ትንሽ ነገር ይበቃኛል፤ ቱግ እላለሁ። ባለፈው ወር ከተራ አስከባሪ ጋር ተጨቃጭቄ በዚያው ጤና ጣቢያ ገባሁ። ደም ግፊትህ 158 በ96 ነው፣ ተመልሰህ ና አሉኝ፤ አልሄድኩም። ማጅራቴን ሲይዘኝ ዳይክሎፌናክ እውጣለሁ። ባለቤቴ ‹ተናገረው ይውጣልህ፣ በሆድህ ይዘህ ነው የታመምከው› ትለኛለች። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ‹ቻለው፣ ንዴት ነው የሚገድልህ› ይለኛል። የማንን ልስማ?»

ውድ ጠያቂያችን፣ የሁለቱንም አይስሙ። ባለቤትዎ ዝምታው እየጎዳዎት መሆኑን በትክክል አይተዋል፤ ወንድምዎም ንዴት ልብ እንደሚጎዳ በትክክል ያውቃሉ። ያዘዙልዎት መድኃኒት ግን የሁለቱም አይሠራም። እኛ የምንጠይቅዎት ሌላ ነገር ነው፦ ሰውነትዎ በቀን ስንት ደቂቃ ጠብ ውስጥ ይውላል? ከደብዳቤዎ እንደምንገምተው ከተራ አስከባሪው ጋር የተጨቃጨቁት ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። ጎረቤትዎን በሐሳብዎ ሲሟገቱት የሚውሉት ግን ሰዓታት ሳይሆን አይቀርም። ለደም ሥር የሚቆጠረው ሁለቱ ተደምረው ነው።

የዚያን ዕለት ጠዋት እንውሰድ። ተራ አስከባሪው ከጎን የመጣ ሰው ያስገባል። ዓይንዎ ባየ በሰከንዶች ውስጥ አንጎል ለልብና ለደም ሥሮች በነርቭ ያዛል፤ ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት ሁለት ዕጢዎች አድሬናሊን ይለቃሉ። ልብ ይፈጥናል። ወደ ሆድ ዕቃና ወደ ኩላሊት የሚሄዱት ደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ደሙ ወደ ጡንቻ ይዞራል። ጉበት ያጠራቀመውን ስኳር ይለቃል፤ ከስብም ቅባት ወደ ደም ይገባል። ደም የሚያረጉት ፕሌትሌቶች ሳይቀሩ እርስ በርስ ለመጣበቅ ይዘጋጃሉ፤ ቁስል ቢመጣ ደም ፈሶ እንዳያልቅ ነው። ዋልተር ካነን የተባለው አሜሪካዊ የፊዚዮሎጂ ሊቅ ይህን ሁሉ እ.ኤ.አ. በ1915 ሲያብራራ ለመፋለም ወይም ለመሸሽ የሚደረግ ዝግጅት ነው አለ።

እርስዎ ግን አይፋለሙም፣ አይሸሹም፤ ሰልፍ ላይ ቆመዋል። ጄሪካኑን ይዘው ደረጃ ሲወጡም ልብዎ ይመታል፤ ያኔ ግን የእግር ጡንቻዎ ስኳሩንም ቅባቱንም ያቃጥለዋል፣ የጡንቻው ደም ሥሮችም ይከፈታሉ። ሰልፍ ላይ የተለቀቀውን የሚያቃጥለው የለም። (ስለ ጄሪካኑ ካነሳን አይቀር፦ 20 ኪሎ አንጠልጥሎ ትንፋሽ አፍኖ መውጣት ግፊትን ለቅጽበት በጣም ያንረዋል። በሁለት ባለ 10 ሊትር ከፍለው በሁለቱ እጅዎ ይያዙ፣ እየተነፈሱ ይውጡ፣ በየፎቁ ያሳርፉ።)

ንዴት ከፍርሃት የሚለይበትን ምልክት ደግሞ ከእጅዎ ያገኙታል። በሁለቱም ልብ ይፈጥናል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፖል ኤክማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጡት ጥናት ግን የተናደዱት ሰዎች ጣት ሲሞቅ የፈሩት ከእነሱ ቀዝቅዞ ተገኘ። «እጅ እጄን በላኝ» የሚል ሰው እውነቱን ነው፤ ደሙ ወደዚያ እየሄደ ነው። መዳፍዎና ጆሮዎ መጋል ሲጀምር አፍዎ ገና አልተከፈተም ይሆናል፤ ያቺን ጊዜ መያዝ ይልመዱ፣ ኋላ እንፈልጋታለን።

ደም ውስጥ የገባው አድሬናሊን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል። ከኋላው የሚመጣው ኮርቲዞል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞን ዘገምተኛ ነው፤ ጫፍ የሚደርሰው ነገሩ ከጀመረ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቆይቶ ነው። ስለዚህ አንድ ንዴት ብቻውን ቢተዉት ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይበርዳል። ችግሩ አይተዉትም። ታክሲው ውስጥ ተቀምጠው «እንዲህ ብለው ኖሮ…» ሲሉ አንጎል ያው ትእዛዝ ደግሞ ያስተላልፋል፤ ለእሱ ሰውየው አሁንም ፊትዎ ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት 280 ጤናማ ጎልማሶችን በቡድን ከፍሎ አንዱን ቡድን ያናደደውን ነገር ለ8 ደቂቃ እንዲያስታውስ አደረገ። ማንም አልሰደባቸውም፤ ማስታወስ ብቻ ነው። የደም ሥሮቻቸው የመስፋት አቅም እስከ 40 ደቂቃ ድረስ ቀንሶ ቆየ። ሐዘንን ወይም ስጋትን ባስታወሱት ላይ ግን ይህ አልታየም።

ወደ ባለቤትዎ ምክር እንምጣ። ንዴት በድስት እንዳለ እንፋሎት ነው፣ ክዳኑ ሲከፈት ይወጣል የሚለው አስተሳሰብ በብዙ አገር አለ፤ ሲፈተን ግን አልቆመም። ብራድ ቡሽማን የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2002 ያናደዳቸውን ሰው እያሰቡ የቦክስ ከረጢት የደበደቡትን ዝም ብለው ከተቀመጡት ጋር አወዳደረ። ይበልጥ የተናደዱትና ለመጉዳት የፈለጉት የደበደቡት ሆኑ። ድምፅም እንደዚያው ነው። ስለተናደዱበት ነገር በከፍተኛ ድምፅና በፍጥነት ሲያወሩ ምትም ግፊትም ይወጣል፤ ያንኑ ነገር ዝግ ብለው በዝቅተኛ ድምፅ ሲያወሩት ይወርዳል። ጩኸት ንዴትን አያስወጣም፤ ማገዶ ይጨምርበታል።

የወንድምዎ «ቻለው» ደግሞ የባሰ ያታልላል፣ ጨዋነት ስለሚመስል። ነገር በሆዱ የሚይዝ ሰው በእኛ ዘንድ አስተዋይ ይባላል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጄምስ ግሮስና ሮበርት ሌቨንሰን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሰዎች የሚያስጸይፍ ፊልም እያዩ ስሜታቸው ፊታቸው ላይ እንዳይነበብ እንዲደብቁ ጠየቋቸው። ፊታቸው ታዘዘ። የውስጥ ስሜታቸው ግን አልቀነሰም፤ ላባቸውና የደም ሥሮቻቸው መጥበብ ስሜታቸውን ካልደበቁት በልጦ ታየ። ጎረቤትዎን ደረጃ ላይ አግኝተው «ደህና አመሹ» ሲሉ የሚከፍሉት ይህን ነው። እሱ ላይ ያልወጣው ደግሞ በማግስቱ ተራ አስከባሪው ላይ ወጣ፤ እኛ ደብዳቤዎን ስናነብ የሁለቱን ነገር አንድነት ለማየት አልተቸገርንም። ኩርፊያንም ከዚሁ ይደምሩት። አፍ ይዘጋል እንጂ ውስጡ ሲብላላ ያድራል። ለማብረድ ብለው መጠጥ የሚይዙ ሰዎችም አሉ፤ ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል፣ ሲያወጣውም በመጥፎ ሰዓትና በመጥፎ ቃል ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያሳሰበን በደብዳቤዎ የመጨረሻ ገጽ ያሰፈሯት፣ ከላይ ያላተምናት አንዲት መስመር ናት፤ «ዘንድሮ ደህና ሰው የለም» ይላሉ። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሜየር ፍሪድማንና ሬይ ሮዘንማን የተባሉ የልብ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ችኩል፣ ተፎካካሪና ቁጡ ሰው ለልብ ሕመም ይጋለጣል ብለው «ዓይነት ኤ» የሚል ስም አወጡለት። በኋላ ነገሩ ሲተነተን ችኮላውና ሥራ ማብዛቱ ያን ያህል ጎጂ ሆነው አልተገኙም። ተለይቶ የወጣው ሰውን በክፉ መጠርጠር፣ ሁሉም ሊያታልለኝ ነው ብሎ መጠበቅ ነበር። ተማሪ ሳሉ ይህን የሚለካ መጠይቅ የሞሉ 255 አሜሪካውያን ሐኪሞች 25 ዓመት ተከታትለው ሲታዩ ከፍተኛ ነጥብ ያገኙት በልብ ሕመም ብዙ እጥፍ ተጠቅተው ተገኙ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1983 ወጣ። ነገር ግን አይደንግጡ። እ.ኤ.አ. በ2009 ብዙ ጥናቶች አንድ ላይ ሲደመሩ በጤነኛ ሰዎች ላይ ንዴተኛነትና ጠላትነት የሚጨምሩት አደጋ 19 በመቶ ገደማ ሆኗል። አለ፣ ግን ሲጋራን አያህልም። ከአንድ ከባድ ንዴት በኋላ ባሉት ሁለት ሰዓታት ድንገተኛ የልብ ጥቃት የመድረሱ አደጋ ከእጥፍ በላይ እንደሚሆንም ይታወቃል። ለአንድ ጤነኛ ሰው ለአንድ ቀን ይህ ትንሽ ቁጥር ነው፤ በየቀኑ ለሚናደድና ግፊት ላለበት ሰው ግን ይጠራቀማል።

ጥርጣሬን በምክር ማስለቀቅ አይቻልም፤ በጽሑፍ ግን ይላላል። ለሁለት ሳምንት አንድ ትንሽ ደብተር ኪስዎ ውስጥ ይኑር። ገጹን ለሦስት ይክፈሉት። በመጀመሪያው ዓይንዎ ያየውን ብቻ ይጻፉ፦ «ተራ አስከባሪው ሰማያዊ ጃኬት የለበሰ ሰው ከፊቴ አስገባ።» በሁለተኛው ልብዎ ያለውን፦ «ንቆኛል። ጉቦ በልቷል።» በሦስተኛው የልብ ምትዎን ቁጥር። ሁለተኛውን መስመር ከመጀመሪያው ሲለዩት የእርስዎ ጭማሪ የትኛው እንደሆነ ይታያል። ሰማያዊ ጃኬት የለበሰው ቀድሞ ተሰልፎ ውሃ ሊገዛ ወጥቶ የነበረም ሊሆን ይችላል፤ ጉቦም ሰጥቶ ሊሆን ይችላል። እርግጠኛ ባልሆኑበት ነገር ግፊትዎን ማስከፈል ነው የማይዋጣዎት። ብዙዎች የሚሳሳቱት ማታ ቤት ገብተው መጻፍ ነው፤ ያ ነገሩን ማብላላት ይሆናል። እዚያው በሦስት መስመር ጽፈው ይዝጉት፣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ያንብቡት።

ምት የሚቆጠረው እንዲህ ነው። መዳፍዎን ወደ ላይ አዙረው በአውራ ጣት በኩል ካለው የእጅ አንጓ ላይ የሌላውን እጅ ሁለት ጣቶች (ሌባ ጣትና መሐል ጣት) ቀስ ብለው ያሳርፉ። በአውራ ጣት አይያዙ፣ የራሱን ምት ይቆጥሩበታል። 15 ሰከንድ ቆጥረው በ4 ያባዙ። ከ100 በላይ ከሆነ ንግግር አይጀምሩ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆን ጎትማን ባልና ሚስትን ሲያጠና ምት ከ100 ሲያልፍ ሰው የሌላውን ቃል መስማትም በቅጡ ማሰብም እንደሚያቅተው አይቷል፤ ለመብረድም ቢያንስ 20 ደቂቃ ያስፈልጋል ይላል። ስለዚህ መዳፍዎ ሲግል «አሁን ተናድጃለሁ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ እንነጋገር» ብለው ይሂዱ። ሰዓቱን መናገርዎን አይርሱ፤ ሳይናገሩ መሄድ ለሌላው ኩርፊያ ነው። በዚያ ጊዜ ይራመዱ። ሙግቱን በልብዎ ከቀጠሉ 20 ደቂቃው አልተቆጠረም፤ እግርዎን፣ የሱቆቹን ስም፣ የሚያልፈውን ባጃጅ ይቁጠሩ።

ትንፋሹን ከዚህ ጋር ያያይዙት። በአፍንጫ 4 ሰከንድ አስገብተው 6 ሰከንድ ያውጡ፤ በደቂቃ 6 ትንፋሽ ይሆናል፣ ለ5 ደቂቃ ይቀጥሉ። ልብ አየር ሲገባ ትንሽ ይፈጥናል፣ ሲወጣ ዝግ ይላል፤ ቬገስ የሚባለው ነርቭ ፍሬኑን የሚይዘው አየር ሲወጣ ስለሆነ ነው መውጫው የሚረዝመው። ጣትዎን አንጓዎ ላይ አድርገው ይሞክሩት፣ ልዩነቱ በእጅ ይታወቃል። «በረጅሙ ተንፍስ» ሲባል ደረቱን ነፍቶ አየር የሚውጥ ሰው ግን ይዞረዋል፣ ከንፈሩን ይወረዋል፤ አየር ስላበዛ ነው። መጠኑን ትንሽ አድርገው ርዝመቱን ይጠብቁ። ደግሞም ጠብ መሐል ለመጀመሪያ ጊዜ አይሞክሩት፤ ለሁለት ሳምንት ጠዋትና ማታ በሰላሙ ጊዜ ይለማመዱ።

ከዚያ ለጎረቤትዎ ይናገሩ። አዎ፣ ይናገሩ፤ ባለቤትዎ እዚህ ላይ ልክ ናቸው። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ተቀምጠው፣ ቡና ላይ ቢሆን ደግ ነው። ውሃ ሲጠብቁ ያደሩበት ሌሊት ማግስት አይሁን፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ቶሎ ይቆጣል። ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «ረቡዕ ሌሊት ከ8 እስከ 10 ሰዓት ውሃ መጥቶ እኛ ጋ አልደረሰም። ፓምፑ ከመስመሩ ሲስብ ላይ ያለነው ግፊት እናጣለን። መስመሩ በራሱ ጊዜ ሮቶ ሞልቶ ፓምፑ ከሮቶው እንዲስብ ማድረግ ይቻል ይሆን?» አንደኛው ያዩትን፣ ሁለተኛው ምክንያቱን፣ ሦስተኛው ሊፈጸም የሚችል ነገር ይናገራል። «እናንተ ሁልጊዜ» እና «ሰው አትሉንም» የሚሉት ከገቡ ንግግሩ ከውሃው ወደ ክብር ይሻገራል፣ ከዚያ ወዲያ ፓምፑን የሚያነሳ የለም። ካልተስማማ የብሎኩ ኮሚቴ አለ፣ ሽማግሌም አለ፤ ጉዳዩን ለሌላ ሰው ማስረከብም ከሰውነትዎ ላይ ሸክም ማውረድ ነው። ውሃ ጥበቃ የሚነቁባቸውን ሌሊቶችም ከባለቤትዎ ጋር ይከፋፈሉ። ጤነኛ ሰው ሲተኛ ግፊቱ ከ10 እስከ 20 በመቶ ዝቅ ይላል፤ እርስዎ ሰውነትዎን ይህን ዕረፍት በሳምንት ሁለት ሌሊት እየነፈጉት ነው።

አሁን ስለ 158 በ96። ከጠብ እንደወጡ የተለካ ስለሆነ ደም ግፊት አለብዎት ለማለት አይበቃም። «ንዴት ነው» ብሎ ለመተውም አይበቃም፤ በ44 ዓመት ሳይታወቅ የቆየ ግፊት በንዴት ሰበብ መገኘቱ የተለመደ ነው። የክንድ መለኪያ ተውሰው ወይም ገዝተው (የእጅ አንጓው ዓይነት ብዙ ይሳሳታል) ለ7 ቀን ጠዋትና ማታ ይለኩ። ከመለካትዎ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡና፣ ሲጋራ አይኑር፤ ጫት የሚቅሙ ከሆነ ውጤቱ ለሰዓታት ስለሚቆይ በቃሙበት ቀን የለኩትን ለይተው ይጻፉ። ሽንት ይሽኑ። ጀርባ የሚደግፍ ወንበር ላይ 5 ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ፣ እግር አይጣመር፣ ክንድ ጠረጴዛ ላይ በልብ ትክክል ይረፍ፣ ማሰሪያው በሸሚዝ ላይ ሳይሆን በገላ ላይ ይሁን። ሲለኩ አያውሩ፤ ተራ ወሬ እንኳ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ማሰሪያው ለክንድዎ ከጠበበ ደግሞ ከእውነቱ በላይ ያነባል። በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለቴ ይለኩ። የመጀመሪያውን ቀን ትተው የቀሩትን አማካይ ያውጡ፤ በቤት ሲለካ 135 በ85 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ነው።

ዳይክሎፌናኩን ያቁሙ። ይህ ዓይነት ማስታገሻ ኩላሊት ጨውና ውሃ እንዲይዝ እያደረገ ራሱ ግፊት ይጨምራል፣ የግፊት መድኃኒትንም ያዳክማል። ጨጓራንም ያቆስላል፤ «ጎረቤቴ ጨጓራዬን ላጠው» የሚለው ሰው ጨጓራውን የላጠው ብዙ ጊዜ ኪኒኑ ወይም ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ ነው፣ ጎረቤቱ አይደለም። ማጅራትዎን ሲይዝዎት መጀመሪያ ግፊትዎን ይለኩ። ጨው ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ ሻይ ማንኪያ፣ እንዳይበልጥ ለባለቤትዎ ይንገሩ።

ደረት ላይ እንደ ድንጋይ የሚጫን ሕመም፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ከቀዝቃዛ ላብ ወይም ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ፤ ወይም ፊት ከተጣመመ፣ አንድ ጎን ከዛለ፣ ምላስ ከተያያዘ ተኝቼ ልየው አይበሉ። ወዲያው 907 ደውለው አምቡላንስ ይጥሩ ወይም መኪና ይለምኑ። ግፊቱ 180 በ120 ደርሶ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ካለውም እንደዚያው ነው።

ምልክት ከሌለዎት ሳምንቱን ለክተው በስምንተኛው ቀን ወደ ጤና ጣቢያው ይመለሱ። ቁጥሮቹን የጻፉበትን ወረቀትና የዳይክሎፌናኩን ማሸጊያ ይዘው ይሂዱ፤ በሳምንት ስንት ፍሬ እንደወሰዱም ሳይቀንሱ ይንገሯቸው። ሰልፉ ላይ ከተናደዱ ተራዎ ሲደርስ ለነርሷ «10 ደቂቃ ልቀመጥ» ይበሏት፣ ከዚያ ትለካዎታለች።